ከተበላሸ ክሬዲት በኋላ እንደገና ካርድ ማግኘት

በአሜሪካ ለሚኖር ወገናችን ክሬዲት ከዕቃ መግዣነት ያለፈ ነገር ነው። ቤት ሲከራይም ሆነ መኪና በብድር ሲገዛ መዝገቡ ይታያል። ታዲያ ሥራ አጥቶ፣ ታሞ ወይም ከአቅሙ በላይ ገዝቶ የካርድ ዕዳውን መክፈል ያቋረጠ ሰው፣ ስልክ ማንሳት ይፈራል፤ የሚመጣለትንም ፖስታ ሳይከፍት ይጥላል። እንዲህ ያለ ሰው እንደገና ካርድ ማግኘት ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። መንገዱ የሚጀምረው ግን ከአዲሱ ካርድ ሳይሆን ከአሮጌው ዕዳ ነው።

በመጀመሪያ ዕዳችሁን እወቁ። መዝገቡን የሚይዙት ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስ እና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ድርጅቶች ናቸው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ የሦስቱንም ሪፖርት በየሳምንቱ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። የእናንተ ያልሆነ ዕዳ ካገኛችሁ እንዲጣራ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን ጊዜያት አታምታቱ። ያልተከፈለ ዕዳ በሪፖርቱ ላይ የሚቆየው ክፍያው ከተቋረጠበት ጊዜ አንሥቶ 7 ዓመት ያህል ነው። አበዳሪው በፍርድ ቤት ሊከስ የሚችልበት ጊዜ ግን ሌላ ነው፤ እንደየስቴቱም ይለያያል። በብዙ ስቴቶች በአሮጌ ዕዳ ላይ ጥቂት መክፈል የክሱን ጊዜ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። ስለዚህ ዕዳ ሰብሳቢ ሲደውል በስልክ ቃል አትግቡ፤ የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

ይሁን እንጂ ከሪፖርት የወጣ ዕዳ ሁሉ ተከፈለ ማለት አይደለም። መክፈል እየቻሉ 7 ዓመት እስኪያልፍ መደበቅ ለክርስቲያን አይገባም። ሙሉውን መክፈል ያልቻለ ይደራደር፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ሳይቀበል ግን ገንዘብ አይላክ። አበዳሪው የተወው ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት እንደሚችልም ይወቅ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ የዕዳ አማካሪዎች በዚህ ይረዳሉ።

ሦስተኛ፣ በትንሹ ጀምሩ። ሴኪዩርድ ካርድ የሚባለው ገንዘብ አስይዛችሁ የምታወጡት ነው፤ 200 ዶላር ብታስይዙ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀሙት እስከ 200 ዶላር ነው። ባንኩ ክፍያችሁን ለሦስቱም ድርጅቶች የሚያሳውቅ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ በካርዱ የወር ቤንዚን ብቻ ግዙ፤ ከ60 ዶላር አትለፉ፤ በየወሩም ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ክፈሉ። በፋይኮ የክሬዲት ነጥብ ውስጥ 35 በመቶውን የሚይዘው የአከፋፈል ታሪክ ነውና። በአንድ ጊዜ ለብዙ ካርድ አታመልክቱ።

ዕቁብ ለዓመታት ሳያጓድሉ የከፈሉ ብዙዎች አሉ። ይህ ታማኝነት በክሬዲት ሪፖርት ላይ አይጻፍም፤ ዕቁቡ ሲደርስ ግን ከገንዘቡ ለካርዱ ማስያዣ ማዋል ይቻላል።

ከሁለት ነገሮች ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ ክሬዲት እናስተካክላለን ብለው ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁ ናቸው። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሥራው ሳይሠራ ማስከፈልን ይከለክላል፤ እውነተኛ የሆነውንም መረጃ ጊዜው ሳይደርስ የማስፋቅ መብት የላቸውም። ሁለተኛው፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድምን ወይም እኅትን በስምህ አውጣልኝ፣ በስምሽ አውጪልኝ ብሎ ማስጨነቅ ነው። ሳይከፈል ቢቀር የሚበላሸው የእነርሱ ስም ነው፤ ኅብረትም ይፈርሳል።

ወገኖች ሆይ፤ ዕዳ ያሳፍራል፤ መደበቅ ግን ያባብሰዋል። ፖስታውን ክፈቱ፣ ለትዳር ጓደኛችሁ እውነቱን ንገሩ። በ200 ዶላር ካርድ በየወሩ ሳያጓድል የከፈለ ሰው ከጊዜ በኋላ የሚበልጥ አደራ ይሰጠዋል። ጌታ ይርዳችሁ።