የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በደቡብ አፍሪቃ ሕግና ፍርድ ቤት

ጋብቻ የሁለት ሰዎች ስምምነት ብቻ አይደለም። በምስክሮች ፊት የሚፈጸም፥ ውርስን፥ የልጆችን ወገንና የንብረትን ድርሻ የሚወስን የማኅበራዊ ኑሮ ሥርዓት ነው። ስለዚህም ማን ከማን ጋር ሊጋባ ይችላል የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ልማድን፥ ሃይማኖትንና መንግሥትን ሲያከራክር ይኖራል። ሕግ አውጪና ዳኛ ይህን ክርክር እንዴት እንደ ተካፈሉት ለመረዳት፥ ከአፍሪቃ አገሮች መካከል የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አስቀድማ በሕግ የተቀበለችው ደቡብ አፍሪቃ ግልጽ ምሳሌ ናት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በዚያች አገር መንግሥት በጋብቻ ላይ የነበረው ሥልጣን ብርቱ ነበር። በ1949 የወጣው ሕግ ነጮች ከሌላው ዘር ጋር እንዳይጋቡ ከልክሎ እስከ 1985 ድረስ ጸንቶ ቆየ። የ1961 የጋብቻ ሕግም በአንቀጽ 30 ተጋቢዎቹ ቃል የሚሰጣጡበትን አነጋገር ሲደነግግ፥ «ሚስት» ወይም «ባል» ከሚሉት ቃላት በቀር ሌላ አላስገባም። በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ደግሞ ወንጀል ነበረ። የዘር አገዛዝ ሲያከትም የተዘጋጀው የ1993 ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት፥ በኋላም የ1996ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9፥ ማንም ሰው በዘሩ፥ በጾታው፥ በሃይማኖቱ ወይም በጾታዊ ዝንባሌው ምክንያት አድልዎ እንዳይደርስበት ደነገገ።

ዳኞችም ይህን ቃል በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ አዋሉት። በ1998 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት የወንጀሉን ሕግ ሻረ። በ1999 ከውጭ አገር የመጡ የተመሳሳይ ጾታ የኑሮ ጓደኞችን፥ በመኖሪያ ፈቃድ ረገድ፥ ከባለትዳሮች ጋር አስተካከለ። በ2002 ደግሞ በአንድነት ልጅን በጉዲፈቻ የመውሰድን መብት ፈቀደላቸው። ጋብቻው ራሱ ግን ገና አልተነካም ነበር።

ከዐሥር ዓመት በላይ አብረው የኖሩ ሁለት ሴቶች ለመጋባት ባቀረቡት አቤቱታ፥ የበላዩ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2004 የልማዳዊው ሕግ ትርጓሜ እንዲሰፋ ፈረደላቸው፤ ነገር ግን የ1961ዱ ሕግ ቃል ሳይለወጥ ስለ ቀረ ሊጋቡ አልቻሉም። ታኅሣሥ 1 ቀን 2005 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት፥ በዳኛ አልቢ ሳክስ በተጻፈው ፍርድ፥ ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚቃረን ወሰነ። የአንዱ ወገን ሃይማኖታዊ እምነት የሌላውን ሕገ መንግሥታዊ መብት ሊወስን እንደማይችል፥ የሃይማኖት አባቶችም በግድ እንደማያጋቡ አስረዳ። ሆኖም መብቱን ወዲያው ሥራ ላይ ከማዋል ይልቅ ለምክር ቤቱ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ፤ ጊዜው ካለፈ በሕጉ ውስጥ «ወይም የትዳር ጓደኛ» የሚል ቃል በራሱ እንዲገባ አዘዘ። ዳኛ ኬት ኦሪጋን በፍርዱ ተስማምተው፥ መፍትሔው ሳይዘገይ እንዲሰጥ በማሳሰብ በዚህ ብቻ ተለዩ።

ከባህላዊ አለቆች መካከል ብዙዎቹ ነገሩ ለአፍሪቃ ልማድ ባዕድ ነው ብለው ተቃወሙ። የልማድ ጥናት የሚሰጠው መልስ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በአገሪቱ ሰሜን በሚኖሩት ሎቬዱዎች ዘንድ ሴት ከብት ሰጥታ ሴትን ታገባ እንደ ነበር፥ ከሚስቲቱ የሚወለደውም ልጅ ለአግቢዋ ወገን ይቈጠር እንደ ነበር አይሊን ክሪጌ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ የዚያ ሥርዓት ዓላማ ወራሽና ወገን ማቆም ነበር እንጂ የሁለት ሴቶች ፍቅር አልነበረም። ስለዚህ ልማዱ «ከቶ አልነበረም» ለሚለውም፥ «ይኸው ነበረ» ለሚለውም በቂ ምስክር አይሆንም። ፍርድ ቤቱም ያመዛዘነው በእኩልነት ሚዛን እንጂ በልማድ አልነበረም።

ምክር ቤቱ በኅዳር 2006 አዲሱን ሕግ በ230 ድምፅ ድጋፍና በ41 ተቃውሞ አሳለፈው፤ የጊዜው ገደብ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፥ ኅዳር 30 ቀን፥ ሕጉ ጸና። የ1961ዱ ሕግ ሳይነካ ጐን ለጐን ስለ ቆመ፥ ወንድና ሴት በሁለቱም ሕጎች ሊጋቡ ሲችሉ፥ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ግን በአዲሱ ብቻ ተወሰኑ። ከዚህም በላይ የሕጉ አንቀጽ 6፥ ጋብቻ የሚያስፈጽም የመንግሥት ሹም ኅሊናዬ አይፈቅድም ብሎ በጽሑፍ ካስታወቀ፥ እነርሱን ከማጋባት ነጻ አደረገው። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ቦታ መብት ያላቸው ተጋቢዎች የሚያጋባቸው ሹም አጥተው ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ተገደዱ። ይህ አንቀጽ የተሻረው በ2020 ነው።

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው ፍርድ ቤት መብትን ያስታውቃል፥ ሕግ አውጪው ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ጋብቻ ግን በሹም ፊት የሚፈጸም ሥርዓት በመሆኑ፥ ፍርዱ ከሹሙ ጠረጴዛ ለመድረስ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። የጋብቻን ሕግ የሚመረምር ሰው የአንቀጾቹን ቃል ብቻ ሳይሆን፥ መዝገቡን የሚከፍተውንም እጅ ሊመለከት ይገባዋል።