ዋሊያዎቹና ሜዳቸው

የብሔራዊ ቡድናችን ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። አንደኛው «ድሮ እኮ ዋንጫ በልተናል» ነው፤ ሁለተኛው «አሁንማ ተዉት» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ታሪክ ግን እንዲህ በቀላሉ መዘለል የለበትም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ታሪኩን ሁሉ መተረክ አይቻልም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ አተኩራለሁ፤ እሱም ሜዳ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። ቡድኑ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በአፍሪካ ዋንጫ 11 ጊዜ ተሳትፎ 30 ጨዋታዎችን አድርጓል። ያሸነፈው 7 ብቻ ነው። ከነዚህ ውስጥ 6ቱን ያሸነፈው አገሩ ላይ ነው። ውጪ ወጥቶ ያሸነፈበት አንዱ በ1956 ዓ.ም. ጋና ላይ ቱኒዚያን 4 ለ 2 የረታበት ነው። በቃ፣ ሌላ የለም።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ካርቱም ላይ በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዋንጫ ሲካሄድ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስለወጣች ቡድናችን ምንም ሳይጫወት በቀጥታ ፍጻሜ ገባ። እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ተጫዋች ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም ካይሮ ላይ በዚያው በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተረታ። እንግዲህ ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ቡድኑ በአፍሪካ ዋንጫ አንድም ጎል አላገባም ነበር ማለት ነው።

ጥር 1954 ዓ.ም. ግን ሌላ ነገር ሆነ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። በፍጻሜው የመጣችው ያችው ግብፅ ናት (ያኔ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር)። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፣ የእኛዎቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገቡ። በጭማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨመሩና 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን አፄ ኃይለ ሥላሴ ለሉቻኖ ሰጡት። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ሕይወታቸው እስካለፈበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። አንዳንድ ሰው «አራት ቡድን ብቻ የነበረበት ውድድር ነው» ብሎ ድሉን ሲያናንቅ ይሰማል። እውነት ነው፣ አራት ነበሩ። ነገር ግን ከአራቱ አንዷ ሁለቱንም የቀደሙ ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ መሆኗን አብሮ መናገር ያስፈልጋል።

በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ ስምንት ቡድን ካደገ በኋላ እንደገና አዘጋጅ ሆንን። ዩጋንዳ፣ አይቮሪ ኮስትና አልጄሪያ በተራ ተሸንፈው ቡድኑ ከምድቡ አንደኛ ወጣ። በግማሽ ፍጻሜው በጭማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረትቶ በመጨረሻ አራተኛ ሆነ። ለእኔ ይህ ቡድን ከ1954ቱ ብዙም አያንስም፤ ዋንጫ ስላላነሳ ግን የሚያስታውሰው የለም።

ሜዳ ሁሉን ነገር ያደርጋል ለማለት አይደለም። በ1968 ዓ.ም. አገራችን ላይ ተጫውተን ከምድብ ሳናልፍ ቀርተናል። ከአራቱ የሴካፋ ዋንጫዎችም ሁለቱ፣ የ1994ቱና የ1998ቱ፣ የመጡት ከኪጋሊ ነው። የ1997ቱና ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፈው የ1980ው የዚምባብዌ የመለያ ምት ድል ግን የአዲስ አበባ ናቸው።

ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው ዋንጫ በኋላ ቡድኑ 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋ። የተመለሰውም በሜዳው ነው። በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸነፈ፤ ጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አግብተው 2 ለ 0 ሲያልቅ ከሜዳ ውጪ የገቡት ሦስት ጎሎች አሳለፉት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደቡብ አፍሪካ እዚሁ 2 ለ 1 ተረታች። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የቀረው የናይጄሪያ ደርሶ መልስ ብቻ ነበር። ያ ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው፤ ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጥታ 2 ለ 1 አሸነፈች፣ ሁለተኛዋም ጎል በመጨረሻው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት የገባች ናት። መልሱ 2 ለ 0 አለቀ። ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ከዚያ በላይ ቀርቦ አያውቅም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ በዚያ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ የገባው ደጋፊ አለ። ይህን ሁሉ ቡድኑ ያጣው ተቃራኒ ቡድን ወስዶበት አይደለም። ስታዲየሞቻችን የኮንፌዴሬሽኑን መስፈርት አላሟሉም ተብለው በየተራ ታገዱ። ባሕር ዳር ላይ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካን ካስተናገደ በኋላ «የሜዳው» ጨዋታ ስደት ሆነ። ጋናን ያስተናገደው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፣ 1 ለ 1። በ2016 ዓ.ም. ሴራሊዮንንና ቡርኪናፋሶን ያስተናገደው ሞሮኮ ላይ ነው። ዲአር ኮንጎን በዳሬሰላም፣ ታንዛኒያን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በኪንሻሳ አስተናግዶ ሁለቱንም 2 ለ 0 ተሸንፏል።

ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅ እንደገና መጣች። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ፤ ኢትዮጵያ 2 ለ 0 አሸነፈች። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ከተማ ነው።