ክላርኔቱን ከየት ልጀምር?

የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

ድምፅ፦ ጎተራ ማሳለጫ። የሚኒባስ ጥሩንባ፣ የረዳት ጥሪ። ባቡር ያልፋል። ከሩቅ የክላርኔት ልምምድ ይሰማል፤ አንዲት ኖታ ላይ እየደረሰ ይሰናከላል፣ እንደገና ይጀምራል።

ተራኪ፦ ጎተራ ነን። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎቹ ነው። ዛሬ ግን «ጎተራ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው እህሉ ሳይሆን ማሳለጫው ነው። ከኮንዶሚኒየሙ አንዱ ሕንፃ ላይ ዕድሜው ሃያ ያልሞላ ጎረቤት አለኝ። ያገለገለ ክላርኔት ገዝቶ ማታ ማታ ይለማመዳል። ሕንፃው በሙሉ ይህን ያውቃል፤ ወዶም ይሁን ሳይወድ ያውቃል።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። ስልኩን አሳየኝ። የአንድ ፈረንሳዊ ክላርኔት ተጫዋች ስም ተጽፏል፤ ዛቪየር ሻርል። «ብዙ ሥራ አለው። ሁለቱን ከፈትኩ፣ አልገባኝም። አንዱ ላይማ ክላርኔት መኖሩንም እንጃ። ከየት ልጀምር?»

«ከጌታቸው መኩሪያ» አልኩት።

«ጋሽ ጌታቸው እኮ ሳክስፎን ነው የሚጫወቱት!»

«አውቃለሁ።»

ልጁ ጨዋ ስለሆነ አላፌዘብኝም። ደረጃ ላይ ቆሞ የማይነገረውን ቀሪውን መልስ ግን ለእናንተም ለእሱም እነሆ።

ሙዚቃ፦ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፣ ሽለላ። ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ይደመጣል፤ ከዚያ ዝቅ ይላል።

ተራኪ፦ ጌታቸው መኩሪያ የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. በይፋት ነው። መጀመሪያ የያዙት ክራርና ማሲንቆ ነበር። ወደ ሳክስፎንና ወደ ክላርኔት የተሻገሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አዎ፣ ክላርኔትም ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ገና በልጅነታቸው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው፣ የቤቱን ኦርኬስትራ ተቀላቀሉ። በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሄዱ። ማዘጋጃ ቤት፣ ቴአትር፣ ፖሊስ፤ የዚያ ዘመን ነፋሽ ደመወዙን የሚበላው ከመንግሥት ነበር። ኖታ ያነባል፣ ሰልፍ ላይ ይነፋል፣ ማታ ዘፋኝ ያጅባል።

ጋሽ ጌታቸውን ከሌሎቹ የለያቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያደረጉት አንድ ነገር ነው። ሽለላን ወስደው በሳክስፎን ተጫወቱት።

ይህን ቶሎ ብለን አንለፈው። ሽለላ የሚነፋ ነገር አልነበረም። በጉሮሮ የሚወጣ የጦረኛ ድምፅ ነው። ሸላዩ ይነሣል፣ ጎራዴውን ወይም ዱላውን ያነሣል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል። ምት የለውም፤ ከበሮ ይዞ የሚያስኬደው ሰው የለም። ትንፋሹ እስከበቃው ይጎትታል፣ ሲያበቃ ይቆርጣል። በመቁረጡና በሚቀጥለው ጩኸት መካከል ያለችው ዝምታ ከጩኸቱ ትብሳለች። የከበበው ሰው «በለው!» የሚለው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ቃሉን አውጡት። የአባትም የፈረስም ስም የለም፣ ሳክስፎን ብቻ ቀረ። ቃሉ ሲወጣ ምን ይተርፋል? በጋሽ ጌታቸው እጅ የተረፈው መንቀጥቀጡ ነው። አንዱን ድምፅ ይይዙና እስኪንዘፈዘፍ ያቆዩታል። ከዚያ እንደ ዶፍ የሚወርዱ ጥቃቅን ድምፆችን ያዘንቡበታል፤ ሸላይ ትንፋሽ ሳይወስድ ቃላት ሲያንቆረቁር እንደሚሆነው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ለብሰው የሚወጡትም ለታይታ ብቻ አልነበረም። ሽለላን ያለ ልብሱ መሸለል አይሆንላቸውም ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በኋላ የውጭ አድማጮች ይህን ድምፅ ሲሰሙ አሜሪካዊው አልበርት አይለር ትዝ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሳክስፎንን እያስጮኸ የጃዝን ሥርዓት ያፈረሰው። ንጽጽሩ ለእነሱ ይመቻል። እኔን አይመቸኝም። የሸዋ ሽለላ ከኒው ዮርክ ክለብ ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመኑም ይቀድማል።

ሙዚቃ፦ ከፊሊፕስ አልበም፣ «አካለ ውቤ»። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

ተራኪ፦ የመጀመሪያው የምናዳምጠው እንግዲህ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊሊፕስ ኢትዮጵያ በሸክላ ያወጣው። ሽለላው አለ፣ «አንቺሆዬ» አለ፣ «አምባሰል» አለ፣ «አካለ ውቤ» አለ። የመጨረሻውን ስም ፓሪስ ውስጥ ያሉ ፈረንሳዮች ወደውት ለባንዳቸው መጠሪያ አድርገውታል። ሸክላው ከገበያ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ ተመለሰ። አሳታሚው ድርጅት «ቡዳ ሙዚክ» ይባላል። ስሙ አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ይህን ያህል የሙዚቃ ቅርሳችንን ከመጥፋት የታደገ ቡዳ ከሆነ በዓይኑ ቢያየን ምን አለበት!

ልጁን አንድ ሳምንት ከዚህ አልበም ሌላ ምንም እንዳይሰማ ነገርኩት። ክላርኔቱን ይዞ እንዲከተል፣ ጣቱን ሳይሆን ትንፋሹን እንዲከተል። ሁለቱ መሣሪያዎች ወንድማማቾች ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የሳክስፎን ቱቦ ከላይ ጠቦ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ በኃይል ሲነፉት ያው ድምፅ ስምንት እርከን ከፍ ብሎ ይመጣል። የክላርኔት ቱቦ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሲነፉት ስምንተኛውን ዘሎ አሥራ ሁለተኛው እርከን ላይ ያርፋል። ከታች ወፍራምና ጨለማ ነው፣ ከላይ ስለታም፤ መካከሉ ላይ ደግሞ ጉሮሮው የሚታነቅበት ቦታ አለ። ጎረቤቴ እየደረሰ የሚሰናከለው እዚያች ላይ ነው። ማታ ማታ የምንሰማው እሷን ነው።

ድምፅ፦ የክላርኔት ልምምዱ፣ ከግድግዳ ባሻገር። ይሰናከላል።

ተራኪ፦ አሁን ወደ ኔዘርላንድ እንሻገር። «ዘ ኤክስ» የሚባል ባንድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ፣ ከፓንክ የወጣ። ጊታራቸው ይፋጫል፣ ይቧጭራል፤ ከበሮ የምትመታው ካተሪና ቦርንፌልድ ናት። እነዚህ ሰዎች በ2002 ኢትዮጵያ መጥተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ተጫወቱ። በ2004 የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓላቸውን አምስተርዳም ላይ ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዙ። እዚያ መድረክ ላይ ያጀባቸው «አይ ሲ ፒ» የተባለው የደች ጃዝ ኦርኬስትራ ነበር፤ ሚሻ ሜንግልበርግና ሃን ቤኒንክ ከሌሎች ጋር በ1967 ያቋቋሙት። ከነፋሾቹ መካከል አብ ባርስና ማይክል ሙር ክላርኔትም ይጫወታሉ። የፖሊስ ኦርኬስትራው ሰው ከአውሮፓ ክላርኔቶች ጋር ጎን ለጎን የቆሙት እንዲህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙ ሰው ገልብጦ ያወራዋል። «ፈረንጆች አገኟቸው፣ ወስደው አሳወቋቸው» ይባላል። ጥያቄውን ያቀረቡት ግን ጋሽ ጌታቸው ናቸው፤ ዘ ኤክስ የእኔ ባንድ ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው። ያኔ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዘፈኖቹን የመረጡ እሳቸው፣ ፊት የቆሙ እሳቸው፤ የደቾቹ ድርሻ ማጀብ ነበር። አጃቢነትን እኛ ዝቅ አድርገን ስለምናይ ነው እንጂ፣ ደህና አጃቢ ማለት አዝማሪ ግጥም የሚሰጠውን ሰው የሚያዳምጠውን ያህል የሚያዳምጥ ነው።

ሙዚቃ፦ ከ«ሞዓ አንበሳ»። ጊታርና ከበሮ፣ ከላይ ቴነር ሳክስፎን። ከሥሩ ክላርኔት። ረዘም ላለ ጊዜ ይደመጣል።

ተራኪ፦ «ሞዓ አንበሳ» እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ስሙ ከነገሥታቱ ማዕረግ የተወሰደ ነው። ጋሽ ጌታቸውን የሚያጅቡ ሦስት እንግዳ ነፋሾች አሉበት፤ ብሮዲ ዌስት በአልቶ ሳክስፎን፣ ዮስት ባይስ በትሮምቦን፣ ሦስተኛው ደግሞ ልጁ በስልኩ ያሳየኝ ሰው፣ ዛቪየር ሻርል፣ በክላርኔት።

አሁን «ከጌታቸው መኩሪያ ጀምር» ማለቴ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ሻርልን ብቻውን የሰማ ሰው ግራ ይጋባል። ሰውዬው ዜማ አይጫወትም ማለት ይቻላል። ትንፋሽ ይጫወታል፣ የሪዱን፣ የመንፊያውን ቀጭን ሸምበቆ፣ ሲጥታ ይጫወታል፣ ከአንድ ቱቦ ሁለት ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ያወጣል። «ሞዓ አንበሳ» ላይ ግን ሥራ አለው። ከነፋሾቹ ጋር ሆኖ ሸላዩን ከብቦ የቆመውን ሰው ይሆናል። ሳክስፎኑ ይጠራል፣ እነሱ ይቀበላሉ። እዚያ ላይ የክላርኔቱ ጩኸት ትርጉም ያገኛል፤ ጆሯችን «በለው!» ማለትን ያውቃልና። የኛን ሽለላ ይዘን ስንገባ የእሱ ቋንቋ ባዕድ አይሆንብንም። መግቢያው በር ይህ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ የተወለደ አድማጭ በሌላ በር ይገባ ይሆናል።

ከዚህ አልበም በኋላ ጋሽ ጌታቸውና ዘ ኤክስ አብረው ብዙ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ደረሱ። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የተባለ ሁለተኛ አልበም አወጡ። እኔ የመጀመሪያውን አስበልጣለሁ፤ ሁለተኛው ሰከን ያለ ነው፣ የሽማግሌ ሥራ ነው፣ መስማት ግን አይቀርም።

ድምፅ፦ የካዛንቺስ መንገድ። የግንባታ ማሽን። ከዚያ የእስክስታ ጭብጨባ ከቀረጻ ይገባል።

ተራኪ፦ ከጎተራ ተነሥተን ካዛንቺስ ደርሰናል። ከዘ ኤክስና ከጋሽ ጌታቸው ጋር እስክስታ እየመታ የተጓዘው መላኩ በላይ ነው፤ የፈንዲቃው። ፈንዲቃ ለዓመታት እዚህ ካዛንቺስ የነበረ አዝማሪ ቤት ነው። ማሲንቆም፣ ከውጭ የመጣ ሳክስፎንም፣ ሥዕልም ይገናኙበት ነበር። አዝማሪው ስምህን ጠይቆ ሲገጥምብህ፣ አጠገብህ የተቀመጠው ከአውሮፓ የመጣ የጃዝ ሰው ቃሉን ሳይረዳ ያጨበጭብ ነበር፤ የሚያጨበጭበውም በትክክለኛው ቦታ ነበር። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ፈንዲቃም ከነበረበት ተነሣ። ቆሜ ስፈልገው የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ ቸገረኝ። ምልክት አድርጌ የያዝኳት ሱቅ አብራ ሄዳለች።

ድምፅ፦ ማሽኑ ይቆማል። ዝምታ። ከዝምታው ውስጥ የክላርኔት ትንፋሽ፣ የተነካካ ፒያኖ።

ተራኪ፦ ሦስተኛው የምናዳምጠው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሩቅ ነው። ሻርል ከሦስት ኖርዌጂያውያን ጋር የተጫወተው «ዳን ሌዛርብር»፤ «በዛፎቹ ውስጥ» ማለት ነው። ፒያኖው ላይ ክርስቲያን ቫሉምሮድ፣ ጊታርና ባንጆ ላይ ኢቫር ግሪድላንድ፣ ከበሮና ሌላውን የሚመታው ኢንጋር ዛክ። እ.ኤ.አ. በ2008 «ኢ ሲ ኤም» አሳተመው። እዚህ ጩኸት የለም። የፒያኖው ክሮች መካከል ዕቃ ስለተሰካ እንደ ፒያኖ አይሰማም፤ ክላርኔቱም እንደ ክላርኔት አይሰማም። ጎረቤቴ «ክላርኔት መኖሩንም እንጃ» ያለው ይህንን ነበር። አልተሳሳተም።

ሽለላ የሰማ ሰው ግን እዚህም የሚይዘው ነገር አለ፤ በሁለት ጩኸቶች መካከል ያለችውን ያችን ዝምታ። እነዚህ አራት ሰዎች ጩኸቱን ትተው ዝምታውን ወስደዋል። ይህ የእኔ አሰማም ነው፤ እነሱ ሽለላን አስበው ነው አላልኩም።

ከዚያ ወዲያ የደፈረ፣ ሻርል ከእንግሊዛዊው ሳክስፎን ተጫዋች ከጆን ቡቸርና ከጀርመናዊው የትራምፔት ሰው ከአክሰል ዶርነር ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን ይስማ። ሦስት ነፋሾች፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ባስ። ለጀማሪ አልመክረውም። ለሚኒባስ ደግሞ ፈጽሞ፤ ረዳቱ ሬዲዮው ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል።

ሙዚቃ፦ ወደ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ይመለሳል፣ በዝግታ።

ተራኪ፦ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ልጁ ከሳምንት በኋላ ደረጃ ላይ ጠበቀኝ። «ሽለላውን በክላርኔት ሞከርኩት፣ ጋሼ።»

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት። መስማቴ አይቀርም።

«እንዴት ነው?»

«ረጅሙን ድምፅ ቶሎ ነው የምትለቀው። ያዘው። እኛ ጎረቤቶችህ ችለን እንሰማለን።»

አድማጮቻችን፣ እናንተም በዚሁ ቅደም ተከተል ሞክሩት፤ መጀመሪያ የፊሊፕሱን ሸክላ፣ ቀጥሎ «ሞዓ አንበሳ»ን፣ ከዚያ ዛፎቹን። «ሞዓ አንበሳ» እጃችሁ ሲገባ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ሳታነቡ አትለፉ። ጋሽ ጌታቸውን ከሚያጅቡት ነፋሾች መካከል ታገኙታላችሁ፦ ዛቪየር ሻርል፣ ክላርኔት።

ድምፅ፦ ጎተራ፣ ምሽት። ባቡር ያልፋል። ከሕንፃው አንድ ረጅም የክላርኔት ድምፅ ይወጣል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆያል።