«1260» የተጻፈበት ጥቅል ሁሉ አንድ አይደለም

በቦሌም ሆነ ከገርጂ እስከ አያት ባሉት ሰፈሮች እንጀራ በአብዛኛው የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣዱ እስከ 4 ኪሎዋት የሚደርስ ኃይል ይስባል። ከሸክላው ሥር ያለው ሽቦ ከሚያወጣው ሙቀት ግን እንጀራውን የሚያበስለው ከፊሉ ብቻ ነው። ቀሪው በታችና በጎን ያመልጣል፤ ቆጣሪው ግን ሁሉንም ይቆጥራል።

ይህን ብክነት ከሚቀንሱት ዕቃዎች አንዱ ሴራሚክ ወረቀት ነው። ገበያው በምጣድ ብቻ አይወሰንም። የዳቦ ቤት ፉርኖ፣ የአሉሚኒየም ማቅለጫና የፋብሪካ ቦይለር በርም ይፈልጉታል።

ዕቃው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪው ለአንድ ጥቅል የሚከፍለው ብር በእጅጉ ጨምሯል። ስለሆነም ሳያውቁ መግዛት የሚያስከትለው ኪሳራ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም።

ምንነቱ

ስሙ ወረቀት ይባል እንጂ እንደ ተራ ወረቀት ከእንጨት አልተሠራም። አሉሚናና ሲሊካ የተባሉት ማዕድናት በከፍተኛ ሙቀት ቀልጠው እንደ ጥጥ ወደ ቀጭን ክር ይለወጣሉ። ክሩ ከማጣበቂያ ጋር በውኃ ተበጥብጦ እንደ ወረቀት ይዘረጋል። በመቀስ ይቆረጣል፤ ሙቀትን ያግዳል፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። የቀለጠ አሉሚኒየምም በቀላሉ አይጣበቅበትም።

ገዢው ምን ይመልከት?

በጥቅሉ ላይ የሚታየው «1260» የደረጃ መለያ ነው። ዕቃው ያለማቋረጥ የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ በ100 ዲግሪና ከዚያም በላይ ያነሰ ነው። በመሆኑም ፕሮፎርማ ሲጠየቅ ደረጃው ብቻ ሳይሆን የዘወትር የሥራ ሙቀቱ፣ ውፍረቱና እፍጋቱ በጽሑፍ ሊቀርቡ ይገባል።

ነጭ ስለሆነ ብቻ ፋይበር ግላስን ከሴራሚክ ወረቀት ጋር ማምታታትም ቀላል ነው። ትንሽ ቁራጭ በኃይለኛ የጋዝ ነበልባል ሲፈተን ፋይበር ግላሱ ተኮማትሮ ይቀልጣል። ሴራሚኩ ግን ቀልቶ ቅርፁን ይይዛል።

በመጀመሪያው ማሞቂያ ላይ ጭስና ሽታ ቢታይ «ተጭበረበርኩ» ብሎ ዕቃውን መመለስ አያስፈልግም። የሚቃጠለው ማጣበቂያው ነው። ፉርኖውን ወይም ምጣዱን ባዶውን ማሞቅ ይበቃል። ማጣበቂያው ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ስለሚሳሳ እየነቀሉ መልሶ መግጠም አይቻልም።

ወረቀቱ ውኃ ይመጥጣል። ሸክላው ተሰንጥቆ ሊጥ ወደ ሽቦው ከወረደ የረጠበው ወረቀት ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ፣ ጋጋሪዋንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስንጥቁ እስኪጠገን ምጣዱን አለመሰካት፣ መሬት የሚገባውን ሽቦም አለመተው ያስፈልጋል።

የምጣድ ገጽ ሙቀት 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሽቦው የራቀውን ክፍል ሁሉ በውድ ሴራሚክ መሸፈን ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ቀጭኑን ሴራሚክ ወደ ሽቦው አስጠግቶ ከኋላው ርካሽ የድንጋይ ሱፍ ማድረግ ወጪን ይቆጥባል።

ብናኙስ?

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የዚህን ዕቃ ክር «ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ» ከሚባሉት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ቸርቻሪውና ሠራተኛው ሲቆርጡ ጭንብልና ጓንት ማድረግ፣ ብናኙንም በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት አለባቸው። ለረዥም ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት የሠራ አሮጌ ወረቀት ሲነሳ ጥንቃቄው ይብስ እንጂ አይቀንስም። ከሰውነት ቶሎ የሚወገድ ክር ያለው ሌላ ዓይነትም በዓለም ገበያ ስላለ አስመጪው ዋጋውን አብሮ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

የሙቀት መከላከያ የሚገዛው እሳትን ለመከላከል ነው። ነጋዴውም ሰነድ የሚጠይቀው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይሁን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።