«በኋላ አስታውሰኝ»፦ የአክሲዮን ነጋዴ ኮምፒውተር መቼ ይታደስ?

ኮምፒውተራችሁ ላይ ተመስጣችሁ ሳለ «አዲስ ማሻሻያ አለ፤ አሁን ይጫን?» የሚል መልእክት ብቅ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? እኔ አብዛኛውን ጊዜ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ነው የምነካው። (ሲያስታውሰኝም መልሼ እሱኑ እነካለሁ።) ለእኛ ትንሽ ነገር ነው፤ ቢበዛ አንድ ፊልም ይቋረጥብናል። በዚያ ኮምፒውተር አክሲዮን ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገበያው ተከፍቶ ዋጋው እየወረደ ሳለ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ማሻሻያ መጫን ቢጀምር፣ ሰውዬው የያዘውን አክሲዮን ሳይሸጥ ቁጭ ብሎ ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም።

ታዲያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ያድስ ወይስ ይተወው? መልሱ አንድ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምን እንደሚሠራ እንይ።

የታክሲ ተራ አስከባሪን አስቡ። ማን ቀድሞ እንደሚጭን፣ ማን እንደሚጠብቅ የሚወስነው እሱ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተምም እንደዚያው ነው። ፕሮግራሞች ፕሮሰሰሩንና ኔትወርክ ካርዱን እንደፈለጉ አይነኩም፤ ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ፈቃድም ይጠይቃሉ። አዲስ የአክሲዮን ዋጋ በኔትወርክ ሲመጣ ካርዱ ለፕሮሰሰሩ «መጣ!» ይላል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መረጃውን ተቀብሎ ለመገበያያው ፕሮግራም ያቀብላል። ፕሮግራሙ «ግዛ» ብሎ ሲወስንም ትእዛዙ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚለካው በማይክሮሰከንድ ነው፤ ማለትም የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ።

ቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ ለሚገበያይ ሰው ይህ ፍጥነት ምንም አይደለም፤ ኢንተርኔቱ ራሱ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። በኮምፒውተር ፍጥነት ለሚፎካከሩ ትላልቅ ድርጅቶች ግን እንጀራቸው ነው። እነሱን የሚያስጨንቃቸው ደግሞ አማካይ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ 20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ አንዳንድ ቀን ግን ሳይታሰብ ሰዓት ተኩል የሚወስድ መንገድ ቢኖር፣ በፈተና ቀን አትተማመኑበትም አይደል? አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከጀርባ የሚሠሩ አዳዲስ ፕሮግራሞች ይዞ ይመጣና አንዳንዴ እንዲህ ያለ መዋዠቅ ይፈጥራል።

ደህንነት ራሱ ፍጥነት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውን እና ስፔክተር የተባሉ የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። ሜልትዳውንን ለመዝጋት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማህደረ ትውስታ ከፕሮግራሞቹ ይበልጥ መለየት አስፈለገ። ውጤቱ? ፕሮግራም ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር የሚያልፈው በር ከበድ አለ። ቶሎ ቶሎ ለሚጠይቁ ፕሮግራሞች መዘግየቱ የሚታይ ነበር።

ሌላው ጣጣ ድራይቨር ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው አስተርጓሚ ማለት ነው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ጊዜ የመለኪያ መሣሪያ የተገጠመለትን ኮምፒውተር አደስንና መሣሪያው ጭራሽ «አልተገኘም» ተባልን። አስተርጓሚው አዲሱን ቋንቋ አያውቅም ነበር። ሁለት ቀን አለፈን፤ ገንዘብ ግን አልጠፋብንም።

«እንግዲያውስ አለመንካት ነው!» እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን አዳረሰ፤ የሰዎችን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ የወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ነው። «በኋላ አስታውሰኝ» ያሉት ተያዙ። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም፤ ለተራዘመው የደህንነት ድጋፍ ካልተመዘገበ ግን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሄድ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለአንዳንዱ ሰው «ላድስ?» ማለት «አዲስ ኮምፒውተር ልግዛ?» ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ግማሽ መንገድ ላይ መቅረት ይመስለኛል። ናይት ካፒታል የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት እንይ። የታደሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይሆን የመገበያያው ሶፍትዌር ነበር፤ ስህተቱ ግን በማንኛውም ዕድሳት ሊደርስ የሚችል ነው። ድርጅቱ 8 ሰርቨሮች ነበሩት። አዲሱ ኮድ በ7ቱ ላይ ተጫነ፤ 8ኛው ተረሳ። በተረሳው ላይ ከ2003 ጀምሮ ጥቅም ላይ ያልዋለ አሮጌ ኮድ ተቀምጦ ነበር፤ አዲሱ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ምልክት ደግሞ ያንኑ አሮጌ ኮድ የሚቀሰቅስ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት ያ ሰርቨር «የታዘዝኩት ሞልቷል፣ ይብቃኝ» ማለት ሳያውቅ ይገዛ ይሸጥ ጀመር። 212 ትእዛዞች በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ሆኑ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ! በመሀል ሠራተኞቹ ችግሩን ለማስተካከል ብለው አዲሱን ኮድ ከ7ቱ ሰርቨሮች አነሱት፤ ደህና የነበሩትም አሮጌውን መሥራት ጀመሩ። ድርጅቱ በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ጋር ተዋህዶ ብቻውን መቆሙ አበቃ።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ «ይታደስ ወይስ አይታደስ» ከማለት በፊት «ካልሆነ መመለስ እችላለሁ?» ብዬ ነው የምጀምረው። የድሮው ዲስክ ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጧል? ቅጂው በእርግጥ እንደሚነሳ አንድ ጊዜ ተሞክሯል? (ብዙ ሰው ቅጂ ይይዛል፤ የሚሞክረው ግን ጥቂት ነው።) ሁለተኛ ማሽን ካለ አዲሱን እዚያ ላይ ጭኖ፣ በልምምድ ሒሳብ ለተወሰኑ ቀናት ማገበያየት ነው። የደህንነት ማሻሻያ ከሆነ ግን ወራት አላስጠብቀውም፤ ቀናት ይበቃሉ። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘና ድጋፉ ያለቀ ማሽን ላይ ገንዘቤን አላስቀምጥም።

ጥያቄው ወደ እኛም እየቀረበ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር ግብይቱ የሚካሄደው በኤሌክትሮኒክስ ነው። በሌላው ዓለም ያሉ ትላልቅ ገበያዎች አዲስ ሲስተም ከማስገባታቸው በፊት ከአባል ድርጅቶቻቸው ጋር የሙከራ ግብይት ያካሂዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ቅዳሜን ነው። ገበያው ዓርብ ተዘግቷል፤ የሆነ ነገር ከተበላሸም እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ሙሉ እሑድ ይቀራል።