ጎተራ ሞልቶ መራብ፦ የኢትዮጵያ የእህል ገበያ

የኢትዮጵያ ገበሬ እህሉን በብዛት የሚሸጠው ዋጋው በረከሰበት ወር ነው። የመኸር ሰብል በኅዳር ይታጨዳል፣ በታኅሣሥና በጥር ይወቃል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የልብስና የሠርግ ወጪ የሚደራረበውም በዚያው ሰሞን ነው። ሁሉም እኩል ጭኖ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይወርዳል። ሰኔ ሲገባ ጎተራው መጉደል ይጀምራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ብዙው ገበሬ በጥር የሸጠውን እህል ከዚያው ገበያ በውድ ይሸምታል። ከአገሪቱ የእህል ምርት ገበያ የሚደርሰው ከሲሶ የማይበልጥ እንደሆነ ይገመታል። የቀረው ለቤት ቀለብ ይውላል፣ ለዘር ይቀመጣል፣ ነቀዝና አይጥ የሚፈጁትም ቀላል አይደለም። ገበያው እንዲህ ቀጭን በመሆኑ ምርት ትንሽ ሲጨምር ዋጋው ይናዳል፤ ትንሽ ሲቀንስ ደግሞ ጣሪያ ይነካል።

የዚህ ገበያ ጠባይ በኢትዮጵያ የረሃብ ታሪክ ውስጥ ከዝናቡ የማይተናነስ ድርሻ አለው። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብን መርምሯል። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወረደም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ሰብሉ የጠፋበት የወሎ ገበሬ ከብቱን በርካሽ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ እህል ፊቱ ቢቆለልም መግዣ አልነበረውም። ዋጋን የሚያስወድደው ገዢ ነውና፣ ባዶ ኪስ የያዘ ሕዝብ ሲራብ ገበያው ላይ ምልክቱ አይታይም። የደሴ ዋጋ ከመኪና መንገድ ርቆ ለሚኖረው ገጠር ምን ይነግራል ብለው ሴንን የሞገቱ አሉ፤ ሙግቱም ተገቢ ነው። ሆኖም እህል መኖሩና እህል ማግኘት መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ ወዲህ የካደ የለም።

ደርግ መልሱን ያገኘ የመሰለው ነጋዴውን ከመሐል በማስወጣት ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ተጣለ፤ ኮርፖሬሽኑ የሚከፍለው ዋጋም ለዓመታት ሳይነካ ቆየ። በጎጃምና በአርሲ የግል ነጋዴ እህል እንዳይነግድ ጨርሶ ታገደ፤ በሌላው አካባቢም ነጋዴው ከገዛው ላይ የተወሰነውን ለኮርፖሬሽኑ በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እህል ማሻገር ፈቃድ የሚጠይቅ ሆነ፤ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ምርቱ የከዳው ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። በርካሽ የተሰበሰበው እህል በአብዛኛው የሄደው ለጦሩ፣ ለመንግሥት ተቋማትና ለከተማ ቀበሌዎች ሱቅ ነው። ትርፍ አምራች በሆነው አውራጃና እጥረት ባለበት አውራጃ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፍቶ በኖረበት በዚያ ዘመን የ1977ቱ ረሃብ ደረሰ። ጦርነቱና ድርቁ ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው፤ እህል ከተትረፈረፈበት ወደ ጠፋበት በራሱ ጊዜ እንዳይፈስ መንገዱ መዘጋቱ ግን የጉዳቱን ልክ አብሶታል።

በ1982 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ደርግ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ነጋዴው ጭነቱን ከጎጃምና ከአርሲ ወደ አዲስ አበባ ያለ ከልካይ ያመጣ ጀመር፤ የአካባቢዎች የዋጋ ልዩነትም ጠበበ። ኮርፖሬሽኑ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ተብሎ ሥራው ዋጋን ማረጋጋት ሆነ። ዋጋ ለማረጋጋት የሚያስችለው ካፒታል ግን አልነበረውም። ይህ ጉድለት ዋጋ ያስከፈለው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የግብርና መርሐ ግብር በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። ከጀርባው የአረንጓዴው አብዮት አባት የሚባሉት ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። የገበሬው ማሳ ላይ የሠርቶ ማሳያ እርሻ ተቋቁሞ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ ማዳበሪያ በብድር ቀረበ። ከባኮ የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በወለጋ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በምዕራብ ጎጃም በሰፊው ተዘራ። መንግሥት ይህንኑ ዘዴ የአገሪቱ የኤክስቴንሽን መርሐ ግብር አድርጎ አስፋፋው። የ1993 እና የ1994 ምርት አማረ፤ በቆሎው ከጎተራ ተርፎ በየደጁ ተከመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በየትኛውም የግብርና ትምህርት ቤት መነገር ያለበት ታሪክ ነው። በ1994 አጋማሽ በትርፍ አምራች አካባቢዎች የበቆሎ ዋጋ እስከ 80 በመቶ አሽቆለቆለ። ገበሬው ከጨበጠው ብር ላይ የማዳበሪያ ዕዳውን ሲከፍል እጁ ላይ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዕዳውን ለማስመለስ የወረዳ ባለሥልጣናት ይወተውቱት ስለነበር ዋጋ እስኪሻል መጠበቅ አልቻለም። በቆሎውን ማሳው ላይ የተወም ነበር፤ መልቀሚያውና ማስጫኛው ከሽያጩ ይበልጣል ብሎ ነው። ነጋዴው ገዝቶ እንዳያከማች የባንክ ብድር አልነበረውም፤ ቢኖረውም የሚያስይዘው ንብረት አልነበረውም። ከነቀምቴ ወይም ከበደሌ ወደ ድርቅ አካባቢዎች ለመጫን የመኪና ኪራዩ ከእህሉ ዋጋ ይልቅ ነበር። በቆሎን ለእንስሳት መኖ የሚገዛ ኢንዱስትሪ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ወደ ኬንያና ወደ ሱዳን ለመላክም ልማዱም መሠረተ ልማቱም አልነበረም። የእህል ንግድ ድርጅት ሊገዛ የቻለው ከባሕር በጭልፋ ነው።

በቀጣዩ የዘር ወቅት ገበሬዎች ማዳበሪያውን ቀነሱ፣ ምርጥ ዘሩንም ተዉት። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ያለፈው ዓመት ኪሳራ ያስተማረው ስሌት ነው። በ1994 ክረምት ደግሞ ዝናቡ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚሻው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፤ ይህም ከ1977ቱ የሚበልጥ ቁጥር ነው። እርዳታው በጊዜ በመድረሱ የሟቹ ቁጥር ከዚያኛው ጋር አይወዳደርም። በአዳማ መንገድ ላይ ግን ሕሊናን የሚያስጨንቅ ነገር ታየ። ከጅቡቲ ወደብ የአሜሪካ ስንዴ የጫኑ መኪናዎች፣ የአገር ውስጥ ነጋዴዎች ገዢ ያጡበት እህል በታጨቀባቸው መጋዘኖች አጠገብ ያልፉ ነበር። የአሜሪካ ሕግ አብዛኛው የምግብ እርዳታ ከራሷ ገበሬ ተገዝቶ በዓይነት እንዲላክ ያዝዝ ስለነበር ብሩን ይዞ አዳማ ላይ መግዛት አይቻልም ነበር። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቆሎ በሰፊው መግዛት የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው።

ጥጋብ ራሱ ገበሬውን ያደኸየበት ያ ዓመት የአንዲት ተመራማሪን ሥራ ወደ ፖሊሲ መድረክ አመጣው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ነው፤ የጥናቱ ማዕከልም መርካቶ ያለው እህል በረንዳ ነበር። በዚህ ገበያ የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ አይሱዙውን ጭኖ የሚልከው ለሚያምነው ደላላ ነው። ደላላው ገዢ ያገናኛል፣ ጥራቱን በእጁ አፍሶ፣ በጥርሱ ቆርጥሞ ያያል፣ ሒሳቡን ሰብስቦ ይልካል፤ ለዚህም በኩንታል የተወሰነ ክፍያ ይወስዳል። ሕዝቡ ደላላን በእህል ውድነት ይከስሳል። ጥናቱ ያሳየው ግን ሌላ ነው፦ ውል የሚያስከብር ፍርድ ቤት፣ ደረጃ የሚመድብ ተቋምና የዋጋ መረጃ በሌለበት አገር ደላላው የእነዚህን ሁሉ ቦታ ይተካል። ጉድለቱ ይህ እምነት ከሚተዋወቁ ሰዎች አልፎ አለመሄዱ ነው። ነጋዴ የማያውቀውን ገዢ ስለሚፈራ ሩቅ ገበያ አይሄድም፣ በብዛት አይገዛም፣ አያከማችም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር የተነሣበት ዓላማ ይህን እምነት ተቋማዊ ማድረግ ነው። እህሉ በየክልሉ ባሉ መጋዘኖች ተመዝኖ፣ ናሙናው ተመርምሮ፣ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ሻጩ በእጁ የሚይዘው የመጋዘን ደረሰኝ ነው፤ ገንዘቡ በማግስቱ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ዋጋው በየገበያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ 929 የደወለም በስልኩ ይሰማዋል። ታስቦ የነበረው ለበቆሎና ለስንዴ ነው። ሕይወት የዘራው ግን በቡና፣ በሰሊጥና በነጭ ቦሎቄ ነው፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ቡናና ሰሊጥ በዚህ በኩል እንዲሸጡ በመንግሥት መገደዳቸው ነው። ምርት ገበያው ለወጪ ንግዱ የሠራው ሥራ ከፍ ያለ ነው፤ በተለይ ሻጭ ብሬን አጣለሁ ብሎ መጨነቁ ቀርቷል።

እህሉ የምርት ገበያውን የግብይት አዳራሽ የሸሸበት ምክንያት ከስንፍና ወይም ከክፋት ጋር አይገናኝም። በቆሎ በኩንታል የሚያስገኘው ትርፍ ጥቂት በመሆኑ የመጋዘንና የምርመራ ክፍያውን መሸከም ያቅተዋል። ጤፍ ደግሞ ገዢው በዓይኑ ካላየው አይገዛውም፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ እያለ ይለያል፣ የአዳ ጤፍ መሆኑን ይጠይቃል፣ አሸዋ እንዳለበት ለማወቅ በመዳፉ ያሸዋል። በአንድ የሳምንት ገበያ የአንድ ገበሬ ሸቀጥ ከአንድ አህያ ጭነት ያነሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን እየለቀመ ለመጋዘን የሚያበቃ የኅብረት ሥራ ማኅበር በበቂ ቁጥር አልነበረም። እህል በረንዳም የአዲስ አበባን ሆድ የሚይዘው ገበያ ሆኖ ቆየ።

ምርት ገበያው በተከፈተበት ዓመት የእህል ገበያው ጉዳት ፊቱን ወደ ሸማቹ አዞረ። በ2000 ዓ.ም. የዓለም የእህል ዋጋ ንሮ ነበር፤ የአገር ውስጡ ግን ከዚያም አልፎ ሄደ። አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ በዓመቱ መጨረሻ ከ60 በመቶ በላይ ሆነ። በይፋ የተነገረው ምርት ግን ጥሩ የሚባል ነበር። የግል አስመጪ ስንዴ እንዳያስገባ የውጭ ምንዛሪ አልተገኘም፤ በመሆኑም መንግሥት ራሱ አስገብቶ በድጎማ ዋጋ አከፋፈለ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ1998 ጀምሮ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የበቆሎና የማሽላ ወጪ ንግድ ታግዶ ነበር። እገዳው ለሸማቹ ታስቦ የወጣ ነው፤ ወጪውን የከፈለው ግን ጤፍ አምራቹ ነው። የተጋገረ እንጀራ መላክ ስላልተከለከለ እንጀራ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ዓረብ አገሮች መጓዙን ቀጠለ፤ በዋሽንግተንና በዱባይ ያለው ኢትዮጵያዊ የሚበላው ጤፍ በከፊል በዚህ መንገድ የተሻገረ ነው።

የዋጋው ማዕበል የመታው ሌላው ክፍል በሴፍትኔት የታቀፈው ነው። በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍትኔት መርሐ ግብር ድሮ በየዓመቱ ተጠይቆ በየዓመቱ ይዘገይ የነበረውን እርዳታ ለሚሊዮኖች አስቀድሞ የሚታወቅ ገቢ አደረገው፤ በእርግጥም ትልቅ እርምጃ ነበር። ለአንድ ቀን የእርከንና የመንገድ ሥራ የሚከፈለው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ሐሳቡ ብሩ የገጠር ገበያን እንዲያነቃቃ ነው። እህሉ ሲወደድ ግን 6 ብሩ 3 ኪሎ ሊገዛ አልቻለም፤ በ2000 ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ዋጋው ቀድሞት ነበር። ብር ተቀባዩ ሁሉ በእህል ይከፈለን ማለት ጀመረ። በ2008ቱ የኤልኒኖ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ ተጨማሪ እርዳታ ሲሻ፣ መንግሥት በራሱ ገንዘብ ብዙ ስንዴ ገዝቶ በማስገባቱና ሴፍትኔቱ አስቀድሞ ተዘርግቶ በመገኘቱ የ1977 ዓይነት እልቂት አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ አስጨናቂ ነው። የሰሜኑ ጦርነት የትግራይን፣ የሰሜን ወሎንና የአፋርን እርሻና ገበያ አፈራረሰ። በ1982 የተነሣው ኬላ ሌላ ስም ይዞ ተመልሷል፤ ከጎጃም ወይም ከሸዋ ጤፍ የጫነ መኪና በመንገዱ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆምና ስንት እንደሚከፍል ሳያውቅ ይነሣል። ይህ ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው በሸማቹ ላይ ነው፤ አምራቹ ግን ከጭማሪው አይካፈልም። መንግሥት የበጋ መስኖ ስንዴን አስፋፍቶ በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን ሲያበስር፣ በአንዳንድ አካባቢዎች ገበሬው ስንዴውን ወደ ሌላ ገበያ እንዳይወስድ መከልከሉን እያነሣ ያማርር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የማዳበሪያና የነዳጅ ዋጋ ተከትሎ ወጣ፤ ማዳበሪያውን የሚገዛው ገበሬ ደግሞ የሚሸጠው ያው በጥር ነው።

ይህን የጥር ሽያጭ ለማስታገስ የሚቻልባቸው መንገዶች አዲስ አይደሉም። አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዙን ያፍናል፤ ገበሬው በጥር ያስገባውን በቆሎ ሰኔ ላይ ሳይበሳሳ ያወጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ካለው ደግሞ የደረሰኝ ብድር ይከተላል፦ አምስት ኩንታል ያስገባ ገበሬ ደረሰኙን አስይዞ ከእህሉ ዋጋ ላይ ከፊሉን ይበደራል፤ በዚያው የማዳበሪያ ዕዳውንና ግብሩን ይከፍላል፤ እህሉ በግንቦት ወይም በሰኔ ሲሸጥ ብድሩን መልሶ የቀረውን ይወስዳል። ይህ የሚሠራው ግን መጋዘኑ በወረዳው ከተማ ሲገኝ፣ ሚዛኑ ሲታመን፣ ባንኩ ደረሰኙን እንደ ቤት ካርታ ሲቀበለውና ዕዳ አስመላሹ እስከ ሰኔ ሲታገሥ ነው። በ1994 የምዕራብ ጎጃምና የወለጋ ገበሬ በቆሎውን ማሳው ላይ ሲተው ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም በእጁ አልነበረም።