እናት የምትናገረው፣ ሐኪም የሚሰማው

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይባላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጠንቀቂያው ለሕፃናት ሁሉ እኩል አይደርስምና ነገሩን በጎንደር ልጆች ታሪክ እንመልከተው።

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር ደጋ የተነሡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች፣ ሌሊት ሌሊት በእግራቸው እየተጓዙ ወደ ሱዳን ቆላ ወረዱ። የደጋ ልጅ ከወባ ጋር አይተዋወቅም፤ ሰውነቱም እንደ ቆላ ልጅ በሽታውን መቋቋም አልለመደም። ስለዚህ በገዳሪፍ አጠገብ በነበረው በኡም ራኩባ ሰፈር ወባው፣ ኩፍኙ፣ ተቅማጡና ረኃቡ ተባብረው ፈጁአቸው። በመንገድና በሰፈር ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ነበሩ።

የተረፉት በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ ሌሎች ከ14,000 የሚበልጡ ደግሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። በዚያ ሐኪም ቤቱ ቅርብ፣ መድኃኒቱም የተሟላ ነበር። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ዕብራይስጥ፣ እናቲቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ ይናገራሉ። ቋንቋውን ፈጥኖ የሚለምደው ተማሪው ልጅ ነውና አስተርጓሚነቱ በእርሱ ላይ ይወድቃል። ኧረ ለመሆኑ፣ የስምንት ዓመት ልጅ የእናቱን የማኅፀን ሕመም እንዴት አድርጎ ይንገርላት? እናትስ ለልጇ ምን ብላ ትግለጽለት? «ደኅና ነኝ» ብላ ሕመሟን ይዛ ትመለሳለች። ልጁም ሲታመም መድኃኒቱ በምን ሰዓት፣ በምን መጠን እንደሚሰጠው በቅጡ ሳትረዳ ትቀራለች። ይህ ታይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 «ረፉአ ሽሌማ» የተባለ ሥራ ተጀመረና አማርኛ የሚያውቁ አገናኞች በየክሊኒኩ ተመደቡ።

ነገሩ የባሕር ማዶ ብቻ ነው እንዳይባል፣ በአገራችንም ቀድሞ የታሰበበት ነው። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር እያወጣ ያሠለጥን ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም የቀበሌዋን ልጅ አሠልጥኖ ወደ ጎረቤቶቿ መለሳት። እናት የልቧን የምትነግረው ለምታውቃት ሴት ነውና።

እንግዲህ ከደጋው ወርዳ በጎንደር ከተማ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር እናት፣ ልጇን አዝላ ከጤና ጣቢያ ደጅ ስትደርስ፣ ካርድ አውጪ ብሎ ከማሰናበት በፊት ከየት እንደ መጣች፣ ልጁ ምን ምን እንደ ተከተበ በለዘበ አንደበት ይጠየቅላት። ይህ ገንዘብ አይፈልግም። ጥቂት ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ ትዕግሥቱም የሕፃን ነፍስ ያተርፋል።